ቆማ ያማረች መኪና



የአባባ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች ባለ 1300 ሞተር ናት። እኛን ሁለት ወንድማማቾች መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም ያመላለሰችን እሷ ናት። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ደሴ ስንገባ አባባ ሊሸጧት ወስነው አገኘናቸው። ገንዘቡ ለእናታችን ሕክምናና ለእኛ የዓመት ወጪ ነበር። ገዢው አንድ ወጣት አስተማሪ ሲሆን ቅዳሜ ሊያያት ቀጠሮ ይዟል።

መኪናዋ ግን ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ቶሎም ትሞቃለች። አባባ "ኢንጂነር ልትሆኑ አይደል? እስኪ እዩልኝ" አሉን።

የኋላውን ኮፈን ከፈትን፤ የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ካንዴላዎቹን ነቅለን አጸዳን። ቀጥሎ ዲስትሪቡተሩን ከፈትን። ውስጡ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው መገናኛ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው በጣም ጠብቧል። ክፍተቱ ሲጠብ ብልጭታው ይዘገያል። የድካሟም የሙቀቷም ምክንያት ይኸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው ቤንዚንና አየር በአንድ ጊዜ ነዶ አያልቅም፤ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መምጣት አለበት። የእኛ ሞተር ልክ 7.5 ዲግሪ ነው። ቢዘገይ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ከልክ በላይ ቢቀድም ደግሞ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ እሳቱ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲቆይም ፒስተን ይበሳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዲት ዲግሪ ማለት የሴኮንድ 1/18,000ኛ ናት።

ይህን ሁሉ እያወቅን ሰነፍን። ክፍተቱን ካስተካከልን በኋላ ሞተሩን አስነስተን፣ የዲስትሪቡተሩን ማሰሪያ አላልተን፣ በጆሯችን ብቻ ወደ ግራ አዞርነው። ብልጭታው በቀደመ ቁጥር ድምፁ እየፈጠነና እየጠራ መጣ። በጣም ያማረበት ቦታ ላይ አጥብቀን አሰርነው። አባባ ሰምተው "ማሻአላህ" አሉ።

ዐርብ ከሰዓት ልንሞክራት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። እስኪመሽ ቆም እያልን፣ ቀስ እያልን ቤት ገባን።

ያን ምሽት ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሒሳብ አሰላን። አስተማሪው ስለ ሞተር ብዙ አያውቅም። ቆማ ይሰማታል፤ ሜዳ ላይ አንድ ዙር ይነዳታል፤ ይወዳታል። ወደ ልኳ ብንመልሳት ግን ድምፅዋ ይቀዘቅዛል። "እስኪሸጥ እንዲሁ ትቆይ" የሚለውን ሐሳብ ከሁለታችን ማን እንደጀመረው ለእናንተም አንናገርም። ሌላው ዝም ብሏልና ሁለታችንም ብለነዋል።

መድረሳ ሳለን የሽያጭን ምዕራፍ ኡስታዛችን ፊት ተቀምጠን ቀርተነዋል። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ለገዢ መንገር እንዳለበት ተጠይቀን በትክክል መልሰናል። የክፍሉ ምሳሌ ግን ሁልጊዜ እህል ነበር፤ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ። ስለ ዲስትሪቡተር የነገረን አልነበረም። ፊዚክሱን በአንድ ደብተር፣ ኪታቡን በሌላ ደብተር ይዘን አድገን፣ ሁለቱ ያን ምሽት አንድ ብሎን ላይ ተገናኙብን። እንቅልፍ አልወሰደንም።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንደሚገባው ሠራነው። ሞተሩን በእጅ አዙረን የፑሊውን ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አገጣጠምን፤ የዲስትሪቡተሩ ጣት ወደ አንደኛው ሲሊንደር ማሳያዋን አየን። ትንሽ አምፖል ከኮይሉና ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝተን ቁልፉን ከፈትን። ዲስትሪቡተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለን ወደ ግራ አዞርነው። አምፖሉ ብልጭ ያለበት ነጥብ ላይ አሰርነው። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ስናስነሳት ድምፅዋ ረጋ ያለ፣ ተራ ድምፅ ነበር።

ለአባባ ሁሉንም ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው "ያንኳኳችኋት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው ንገሩት" አሉን።

ነገርነው። ዳገት ላይ አንኳኩታ እንደነበር፣ አሁን እንደተስተካከለች፣ ፒስተኖቹ ተጎድተው እንደሆነ ግን ሞተሩ ሳይከፈት እንደማይታወቅ። አስተማሪው አሰበበትና ከተባለው ዋጋ አስቀንሶ ገዛት። የእናታችን ሕክምና አልሐምዱሊላህ ተሸፈነ፤ የጎደለው ከእኛ ወጪ ላይ ጎደለ። ለዚህ ነው በዚህ ሴሚስተር ሁለታችንም ማታ ማታ ተማሪ የምናስጠናው።

ይህን የምንጽፍላችሁ ፈተናና የላብ ሪፖርት በደረሰበት ሰሞን ነው። ግራፉ እንዲያምር አንዲት ቁጥር ማንቀሳቀስ እንዴት ቀላል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግቢ ውስጥ ቆማ ስትሰማ ያማረች መኪና አለች፤ ዳገቱ ግን ይጠብቃታል።

አስተማሪው ባለፈው ወር ደውሎልን ነበር። ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ አላንኳኳችም። መገናኛውን መቼ መቀየር እንዳለበት ሊጠይቀን ነው የደወለው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።