ፓታያ፦ የተከለከለው ሁሉ የሚሸጥባት ከተማ

ስለ ፓታያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ ውግዘት ነው ወይ ማስታወቂያ። አውጋዡ ይህችን የታይላንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ የኃጢአት መናኸሪያ ያደርጋታል፤ አስተዋዋቂው ፀሐይዋንና የኑሮዋን ርካሽነት ይዘረዝራል። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ከተማዋን የሠራት የውጭ ገንዘብ ነው ይላሉ። እኔ በዱባይ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሥራ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ወደዚያ ተጉዣለሁ። በዓይኔ ያየሁትና በኋላ ያነበብኩት ተደምሮ ወደ ሌላ መደምደሚያ አደረሰኝ። ገንዘብ ከተማን የሚቀርጸው በመጠኑ ሳይሆን በሚገባበት በር ነው፤ በተለይም በሩን ይዞ በሚያስከፍለው ሰው። ይህን የምጽፈው በታይላንድ ለመፍረድ አይደለም። በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለአገራችን የውጭ ገንዘብ ራሳችን ስለሆንን ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከባንኮክ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ፓታያ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። የቬትናም ጦርነት ሲፋፋም ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የኡታፓኦ የጦር አየር ማረፊያ ተሠራ፤ ከ1967 ጀምሮ የአሜሪካ ቢ-52 ቦምብ ጣዮች ከዚያ ይነሡ ነበር። በዚያው ዓመት የታይላንድ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር በተስማማው መሠረት፣ በጦርነቱ የተሰማሩ ወታደሮች ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ወደ ታይላንድ ይመጡ ጀመር። በ1976 የአሜሪካ ጦር ታይላንድን ለቆ ሲወጣ ሆቴሎቹ፣ መጠጥ ቤቶቹና ደላሎቹ ባሉበት ቀሩ። የወታደሩን ቦታ ጀርመናዊው፣ እንግሊዛዊውና ስካንዲኔቪያዊው ያዙት፤ ኋላም ሩሲያዊው፣ ቻይናዊው፣ ሕንዳዊውና የባሕረ ሰላጤው ዐረብ ተከተሉ። ፓታያ በ1978 የራሷ ልዩ የከተማ አስተዳደር ተሰጣት። ዛሬ በአንዳንድ ጎዳናዎቿ ላይ የሩሲያኛና የዐረብኛ ጽሑፍ ከታይኛው እኩል ይታያል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የታወቀ ነው። ከዚህ ያነሰ የሚነገረው የሕጉ ታሪክ ነው። ታይላንድ በ1960 ሴተኛ አዳሪነትን በሕግ ከለከለች። በ1966 ደግሞ የጭፈራ ቤቶች፣ የመታሻ ቤቶችና አስተናጋጅ ሴቶች ያሉባቸው መጠጥ ቤቶች የንግድ ፈቃድ የሚያገኙበትን ሌላ ሕግ አወጣች። ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ሥራው ወንጀል፣ ሥራው የሚሠራበት ቤት ግን ፈቃድ ያለው ንግድ ሆነ። የ1960ው ሕግ በ1996 በአዲስ ተተካ። አዲሱ ሕግ በደላሎችና ከ18 ዓመት በታች ያሉትን በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ቅጣቱን አከበደ፤ በአደባባይ ደንበኛ በምትጠራው ሴት ላይ የሚጣለውን ቅጣት ከ1,000 ባህት እንዳይበልጥ አደረገ። መሠረታዊው ተቃርኖ ግን አልተነካም።

ይህ ተቃርኖ በየምሽቱ ወደ ገንዘብ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት የመጠጥ ቤቱን ሒሳብ መመልከት በቂ ነው። ደንበኛው አንዲት ሠራተኛ ይዞ ለመውጣት ሲፈልግ አስቀድሞ ለመጠጥ ቤቱ ይከፍላል። ክፍያው ሴቲቱ ለምታጓድለው የሥራ ሰዓት ማካካሻ ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የሁለት ጎልማሶች የግል ጉዳይ ነውና ባለቤቱ አያውቅም፣ አይጠየቅም። ሴቲቱ ግን አረፈደች ተብሎ ከደመወዟ ይቆረጣል፣ ቀረች ተብሎ ይቆረጣል፣ ደንበኛ እንዲጋብዛት የተመደበላትን የመጠጥ ብዛት አላሟላችም ተብሎ ይቆረጣል። ይህን ለየትኛው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ትከሳለች? ለመክሰስ መጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደሆነ መናገር አለባት፤ ያን ስትናገር ደግሞ በራሷ ላይ መሰከረች። ዝምታ የሚያስፈልገው ንግድ ዝምታን ከሚሸጥ ሰው ተለይቶ አይኖርም። የታይላንድ የምጣኔ ሀብት ምሁሯ ፓሱክ ፖንግፓይቺትና ባልደረቦቿ በ1998 ባወጡት ስለ አገሪቱ ሕገ ወጥ ኢኮኖሚ በሚያትት መጽሐፍ ለፖሊስ የሚከፈለውን የከለላ ገንዘብ የዚህ ንግድ መደበኛ ወጪ አድርገው ያቀረቡት ስለዚህ ነው።

የመሬቱም ነገር ከዚህ አይለይም። ከ1954 ጀምሮ ያለው የመሬት ሕግ በመርሕ ደረጃ የውጭ ዜጋ መሬት እንዳይዝ ይከለክላል። የአፓርታማ ሕጉ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ካለው የመኖሪያ ስፋት እስከ 49 በመቶ ድረስ በውጭ ዜጎች እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ቤትና ግቢ የሚፈልግ ግን ወይ ለ30 ዓመት ይከራያል ወይ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ዘዴው የታወቀ ነው፤ 51 በመቶው ድርሻ በታይላንዳውያን ስም የተያዘ ኩባንያ ይቋቋማል፣ ባለ ድርሻዎቹ ግን ገንዘብ ያላወጡ ስም አበዳሪዎች ናቸው። የ1999ው የውጭ ዜጎች የንግድ ሕግ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ወረቀቱን የሚያዘጋጁ ጠበቆችና የሒሳብ አዋቂዎች ግን ገበያቸው አልቀነሰም። ሌላው መንገድ ቤቱን በሚስት ስም መግዛት ነው፤ ትዳሩ ሲፈርስ ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው። መሬቱን ለአገሬው ሰው ለመጠበቅ የወጣ ሕግ በተግባር ለአገሬው ሰው የስም ኪራይ አተረፈለት፤ በባሕሩ ዳር ያለውን ቤት የመግዛት አቅም ግን አልሰጠውም።

«ታዲያ የውጭ ገንዘብ ራሱ መርዝ ነው ማለት ነው?» የሚል ካለ፣ መልሱ ከከተማዋ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ርቆ ይገኛል። በዚያው በቾንቡሪ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የሌም ቻባንግ ጥልቅ ወደብ በ1991 ሥራ ጀመረ፤ በዙሪያው የጃፓን ካፒታል የመኪናና የመለዋወጫ ፋብሪካዎችን ተከለ። እንደ መጠጥ ቤቶቹ ሁሉ ለፋብሪካዎቹም ብዙ ሠራተኛ የመጣው ኢሳን ከሚባለው ደሃው የሰሜን ምሥራቅ አካባቢ ነው። ገንዘቡ የውጭ ነው፣ ክፍለ ሀገሩ አንድ ነው፣ የሠራተኞቹ መነሻም ይመሳሰላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ስም በደመወዝ መዝገብና በማኅበራዊ ዋስትና ፋይል ላይ ሰፍሯል። ፋብሪካ ገነት ነው አልልም፤ የራሱ በደልና የራሱ ጭስ አለው። ነገር ግን የተበደለው ሠራተኛ የሚከስበት ሥፍራ አለው። ከመጠጥ ቤቱ የምትባረረው እኅቱ የላትም።

እነዚህን ሴቶች እንደ ምስኪን ወይም እንደ ጠፉ ልጆች ብቻ ማየትም ስሕተት ነው። ይኸችው ፓሱክ በ1982 ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባዘጋጀችው ጥናት በባንኮክ መታሻ ቤቶች የሚሠሩ 50 ሴቶችን አነጋግራ ነበር። ያገኘቻቸው ከቤተሰብ የኮበለሉ ሳይሆኑ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ልጆች ናቸው። በሚልኩት ገንዘብ ቤት ይሠራል፣ እኅትና ወንድም ይማራል፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ይታለፋል። ታይላንዳውያን «ቡንኩን» የሚሉት ነገር አለ፤ በአማርኛ ከ«ውለታ» የተሻለ ቃል የለውም። ወንድ ልጅ ለጥቂት ጊዜ መነኩሴ ሆኖ የወላጁን ውለታ ይመልሳል፤ ይህ መንገድ ለሴት ልጅ ስላልተከፈተላት ከእሷ የሚጠበቀው ወላጆቿን መጦር ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ ያረፍኩበት ሆቴል ውስጥ የሚሠሩ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ የጽዳት ሠራተኛ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ታናሽ እኅታቸው አጫወቱኝ። እኅቲቱ ከባሕሩ ዳር ባለ መጠጥ ቤት ትሠራለች፤ በኢሳን ለእናታቸው የብሎኬት ቤት እያሠራች ነው። የመንደሩ ሰው ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስለ ሥራዋ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቁት ቤቱ መቼ ያልቃል ብለው ነው» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። በፓታያ በየመንገዱ ማዕዘን የወርቅ መሸጫ ሱቅ አለ፤ ሴቶቹ የተረፋቸውን ባህት ወደ አንገት ሐብል ለውጠው ያስቀምጣሉ፣ ሲቸግራቸው መልሰው ይሸጣሉ። በዱባይ የዴይራ ወርቅ ገበያ በበዓል ሰሞን የእኛ አገር የቤት ሠራተኞች የሚያደርጉትም ይኸው ነው። ሥራው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ላመሳስለው አልፈልግም። የሚመሳሰለው በሥራው ዙሪያ የተሠራው አጥር ነው። የቤት ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ስፖንሰርነት የታሰረች ናት፤ ቤቱን ያለ ፈቃድ ለቅቃ ስትወጣ ከአገሩ ሕግ ውጪ ትሆናለች። በላከችው ገንዘብ የቆመውን ቤት መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ ያ ገንዘብ እንዴት እንደተገኘ ግን አይጠየቅም።

ክልከላም ከእኛ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2013 ዜጎቿ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ አገደች፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። ዓላማው ቅን ነበር፤ ሴቶቻችን ይገረፉ፣ ይደፈሩ፣ አስከሬናቸው ይላክ ነበር። ሆኖም ልጃገረዶቹ መሄዳቸውን አላቆሙም። በሱዳን በኩል፣ በጅቡቲና በየመን በኩል፣ አንዳንዶቹም በጎብኚ ቪዛ ሄዱ። ለደላላው መንገዱ ሲከፋ ዋጋው ጨመረ፤ ለተጓዧ ደግሞ ውል፣ የተመዘገበ አሠሪ፣ ኤምባሲ ሄዳ የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም። የፓታያ ሕግ በመጠጥ ቤቷ ሴት ላይ ያደረገውን የእኛም እገዳ በቤት ሠራተኛዋ ላይ አደረገ፤ ፍላጎቱን ሳያጠፋ ምስክርነቷን አጠፋው።

ሕጋዊ ማድረግ ብቻውን መፍትሔ ነው እያልኩ አይደለም። ጀርመን በ2002 የወሲብ ንግድን የውልና የዋስትና መብት ያለው ሥራ አድርጋ ብትቀበልም፣ ብዝበዛው ስላልቆመ በ2017 ተጨማሪ የጥበቃ ሕግ ማውጣት ግድ ሆኖባታል። ስዊድን ከ1999 ጀምሮ ሻጪቱን ትታ ገዢውን ትቀጣለች፤ ይህም ሥራውን ወደ ጨለማ ገፋው የሚሉ ተቃዋሚዎች አሉት። በሁለቱ መካከል ቅን ክርክር ማድረግ ይቻላል። ክርክር የማያሻው፣ ቤቱን ፈቅዶ ሠራተኛዋን የሚከለክለው የፓታያ መንገድ ከሁሉ የከፋ መሆኑ ነው፤ የወረርሽኙ ዘመን ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ2019 ወደ ታይላንድ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ገብቶ ነበር፤ በ2021 ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወረደ። መጠጥ ቤቶቹ በተዘጉ ጊዜ የመዋዕለ ነዋዩ ባለቤት የሚያሳየው የንግድ ፈቃድ ነበረው። ለአሥርት ዓመታት ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስገኙት ብዙዎቹ ሴቶች ግን ሠራተኛ መሆናቸውን የሚያስረዳ አንድ ገጽ አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች የማነሣው አሁን ስለሆነ ነው። ታይላንድ በሐምሌ 1997 ባህትን ለገበያ ስትለቅ፣ አንድ ዶላር 25 ባህት የነበረው በጥቂት ወራት ከ50 በላይ ደረሰ፤ ዶላር ለያዘ ሰው የባሕሩ ዳር በእጥፍ ረከሰ። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 ብርን ለገበያ ለቀቀች፤ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በ2025 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጸደቀ። እኛ ብዙዎቻችን የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘናል፤ በሐዋሳም ሆነ በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቤት ለመግዛት አቅሙ ያለን እኛ ነን። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ከስም ኪራይና ከዘመድ ስም ይልቅ ግልጽ ሕግ መኖሩም ይበጃል። ጥያቄው ከቤቱ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ሪዞርቱ ሲከፈት አስተናጋጇ በማን መዝገብ ላይ ትሰፍራለች? ጡረታዋን ማን ይከፍላል? በእንግዳ ስትበደል ሥራዋን ሳታጣ ለማን ትናገራለች?

በየስብሰባው ስለ ሐዋላ መጠን፣ ስለ ዳያስፖራ ቦንድና ስለ ምንዛሪ ተመን ብዙ እንነጋገራለን፤ ሚኒስትሮችም ሲመጡ የምንጠይቃቸው ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ በምገኝባቸው መድረኮች አስቀድሜ የማነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ጋር የሚፈረሙት የሥራ ስምምነቶች ሠራተኛዋ አሠሪ ስትቀይር መብቷን ይዛ እንድትሄድ ይፈቅዳሉ ወይ? በአገር ቤት የሚወጡት የኢንቨስትመንት ማበረታቻዎችስ የሠራተኛውን ውልና ዋስትና ከግብር ዕፎይታው ጋር ያያይዛሉ ወይ? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ «ገንዘባችሁን አምጡ» የሚለን ባለሥልጣን ፓታያን እንዲያይ ልንመክረው ይገባል። በ1960ዎቹ ሁለቱን ሕጎች ያወጡት ሰዎች የዛሬይቱን ከተማ ለመሥራት አላሰቡም ነበር፤ ገንዘቡ ሲመጣ ክፍት ሆኖ ያገኘው በር ግን እሱ ነበር።