የኮምቢው ወንበር

የባንክ ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የራሱን ለመቁጠር ግን ጊዜ አይፈጅበትም። አሮጌ መኪና ማደስ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚመከር ሥራ አይደለም። ሆኖም አባቴ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው በግቢያችን በቆመው ቮልስዋገን ኮምቢ ውስጥ ነው፤ የሾፌሩ ወንበር ሞላ ደግሞ ልባሱን ቀድዶ ወጥቶ ወገቡን ይወጋው ጀመር።

መኪናውን በ1968 ዓ.ም. አገር ለቅቆ ከሚሄድ ጀርመናዊ መምህር ነው የገዛው። የኮምቢ ታሪክ የሚጀምረው በአንዲት ቅጠል ወረቀት ነው። ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ መኪና አስመጪ እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሣጥን የመሰለ መኪና ሣለ፤ ፋብሪካው ከሦስት ዓመት በኋላ ማምረት ጀመረ። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ደግሞ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስጡን የመንገደኛ ማደሪያ እያደረገ ይሠራው ነበር። የእኛውም የኋላ ወንበር ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። በልጅነታችን ላንጋኖ ዳር ያደርነው በዚያ አልጋ ላይ፣ ሦስታችን እንደ እንጨት ተደርድረን ነው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ግን መኪናው ከግቢ አልወጣም። ታላላቆቼ እንሽጠው አሉ። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ ብርም በዚያው ዓመት ሐምሌ በገበያ ዋጋ መመንዘር ጀምሯል። የሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ፈላጊው በዝቷል፤ በገንዘቡ ለአባታችን አስታማሚ ይቀጠርለታል። አባቴ ምንም አልመለሰም። በማግሥቱም እንደ ልማዱ ገብቶ ተቀመጠ። እኔም ቢያንስ ወንበሩ እስኪሠራ ድረስ ነገሩ ይቆይ አልኩ።

የመኪና ወንበር የሚያለብሱ አንድ ሽማግሌ ለሙሉው ሥራ የጠየቁኝ ዋጋ ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። ፊቴን አይተው፣ «ልጄ፣ ፈትቶ መቅደዱን ራስህ ሥራው፤ ስፌቱን ብቻ ለኔ አምጣልኝ። አሮጌውን ልባስ እንዳትጥል፤ በምላጭ ተርትረህ አዲሱን በእርሱ ልክ ቅደድ» አሉኝ።

ስድስት ቅዳሜ ከሰዓት ፈጀብኝ። ከላይ እናቴ የሰፋችው አበባማ ጨርቅ ነበር፤ ከሥሩ የፋብሪካው ግራጫ ልባስ፤ ከእርሱም ሥር ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ምንጣፍ፤ መጨረሻው ሞላ። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቀለም ቀባሁት፤ የላላውን በሲባጎ አሰርኩት፤ ሞላው ስፖንጁን እንዳይበላው ከመሃላቸው ጆንያ አነጠፍኩ። ስፖንጁን ምናለሽ ተራ በቁርጥራጭ ገዝቼ፣ ጠንካራውን ከታች ለስላሳውን ከላይ አድርጌ በማስቲሽ አጣበቅሁት። ስፖንጁ ከልባሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፋ ማለት አለበት፤ ልባሱ ተወጥሮ የሚቀመጠው እንዲያ ሲሆን ነው። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስንኝም ሐሳቡ ከቤቱ ጥቂት ሲሰፋ ይወጠራል፣ ሲያንስ ይጨማደዳል። ሰው ሠራሹን ቆዳ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይለሰልሳል፤ ስፖንጁን ስስ ፌስታል ካለበሱትም ልባሱ እየተንሸራተተ ይገባል።

የቸገረኝ የጋቢናው ወንበር ነው። ልፈታው ስጎነበስ አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ወንበሩ መሃሉ ላይ ጎድጉዷል፤ አርባ ዓመት የተቀመጠችበት አንዲት ሴት ነበረች።

«ይኸን አትሙላው» አለኝና ወደ ቤት ተመለሰ።

ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ፣ «ጎድጓዳ ላይ የለበሰ ቆዳ ይጨማደዳል፤ ሥራዬን ታሰድበኛለህ» አሉ። የማን ወንበር እንደ ነበር ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጠመኔ አንሥተው በአዲሱ ልባስ መሃል ሁለት መስመር አሰመሩ፤ በመስመሮቹ ላይ ስፌት ከተጨመረ ልባሱ ከጎድጓዳው ጋር አብሮ ይወርዳል። ለእነዚያ ሁለት ስፌቶች ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

ወጪዬን በባንክ ሰው ልማድ መዝግቤአለሁ። ሰው ሠራሽ ቆዳው፣ ስፖንጁ፣ ክሩ፣ ማስቲሹና የስፌቱ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ወር ደመወዜ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

አባቴ አዲሱ የሾፌር ወንበር ላይ ወጥቶ ነጠር ነጠር አለና «ይጠነክራል» አለ። ቀኝ እጁን ዘርግቶ የጎኑን ወንበር በመዳፉ ዳሰሰ። ብዙ ቆየ።

ታላላቆቼ ለሽያጩ ጉዳይ በመጡበት እሑድ ኮቱን ለብሶ ግቢው ውስጥ ጠበቃቸው። «ባትሪውን አስሞሉት። ላንጋኖ ይርቀናል፤ ቢሾፍቱ ግን እንደርሳለን» አላቸው። የሽያጩን ነገር ያነሣ አልነበረም።

በሳምንቱ ስንነሣ ታላቅ እህቴ የጋቢናውን በር ከፈተች። ወንበሩን አየችና ትታው ከኋላ ገባች። አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በዝግታ በመኪናው ፊት ዞረና በእናቴ ቦታ ተቀመጠ።

ጠንካራው ወንበር ለእኔ ደረሰኝ።