ሸጎሌ ማን ነው?

ሰሌዳው ላይ «ሸጎሌ» ብለን ጻፍን። ተማሪዎቻችን አነበቡት። አንዲት እናት ግን፣ «ልጆቼ፣ ትርጉሙስ ምንድን ነው?» አሉን። እኛ ዩኒቨርሲቲ እንማራለን የምንለው ዝም አልን። አፈርን።

ሽማግሌ ጠየቅን፤ መጽሐፍም አገላበጥን። ሸጎሌ የሰው ስም ነው። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤታቸውን እዚህ ጉለሌ ሠርተው ነበር። ስማቸው በሕዝብ አፍ ሲመላለስ «ሸጎሌ» ሆነ።

አሶሳ ያለችው በቤኒሻንጉል፣ በሱዳን ጠረፍ በኩል ነው። አብዛኛው አገር ቆላ ነው። ዓባይ በዚያ አልፎ ሱዳን ይገባል። የበርታ ሰዎች ከቅል የተሠራ ዋዛ የሚባል ረጅም መለከት በኅብረት ይነፋሉ። ደስ ይላል! ወርቅም ከወንዝ አሸዋ ያጥባሉ። በ1890 ዓ.ም. አገሩ በጦር ከተያዘ በኋላ ሼሁ ለአፄ ምኒልክ ወርቅ ይገብሩ ነበር።

ይህን ለክፍሉ ነገርን። አንድ ነገር ግን ደብቀን ነበር። እኚያው እናት፣ «ወርቁን የሚያወጣው ማን ነበር?» ብለው ያዙን። እውነቱን ተናገርን። በዚያ አገር ሰው በባርነት ይሸጥ ነበር፤ ሼሁም በንግዱ እጃቸው ነበረበት።

«እሱንም ጻፉታ!» አሉን።

«ወርቅ» ከሚለው ሥር «ባርነት» ብለን ጻፍን። እናታችን ጣታቸውን እያስኬዱ ፊደል በፊደል አነበቡት።