የሐሙስ ማታ ተማሪዎች

የጥቁር አሜሪካውያን ዜማ የኀዘን እንጉርጉሮ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለውን ቡድን ሥራ እንዲያደምጥ እመክረዋለሁ። እኔ ያወቅሁት ባለፈው ዓመት በአንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አማካይነት ነው። ባንጆው ሲመታ፣ ቫዮሊኑ ሲከተል፣ አንደኛውም በገንቦ አፍ እየነፋ ሲያጅብ፣ እግር ሳይታዘዝ ምድርን ይመታል።

ከዜማው ይልቅ ልቤን የነካው ግን አመጣጡ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተባሉ ሦስት ወጣቶች ቡድኑን አቋቋሙ። በሰሜን ካሮላይና ይኖሩ ወደ ነበሩት አረጋዊ የቫዮሊን ተጫዋች ወደ ጆ ቶምሰን ቤት ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየሄዱ፣ ከእርሳቸው ጋር እየተጫወቱ ተማሩ። ባንጆ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ያስገኙት መሣሪያ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የነጮች ብቻ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ቡድኑ በ2010 ባወጣው አልበም በ2011 የግራሚ ሽልማት ተቀበለ። ሽማግሌው በ2012 በ93 ዓመታቸው ሲያርፉ ዜማቸው አብሯቸው አልተቀበረም።

የእኔም አጎት መሰንቆ ይመታሉ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ በቤተ ዘመዳችን ውስጥ የአባቶቻቸውን ዜማ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እወስድላቸዋለሁ። ገና አንድ ዜማ እንኳ አላወጣም፤ ነገር ግን የጭራውን አያያዝ ለምዷል። ድምፅ በመቅረጫ ሊቀመጥ ይችላል፤ የጣት ጥበብ ግን ጐን ለጐን ተቀምጠው ካልተቀበሉት አይወረስም።