መስቀል አደባባይ ቆመን የምንጠይቀው

 

ከካዛንቺስ በባምቢስ በኩል ቁልቁል የወረደ፣ ከቂርቆስ ሽቅብ የወጣ፣ ከቦሌ የገባ፣ ከለገሃር የተሻገረ ሰው ሁሉ መስቀል አደባባይ ላይ ይገናኛል። ማለዳ በእርከኖቹ ላይ ሯጮች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች ተቀምጠው ይጫወታሉ። በአንድ በኩል የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ ፈቀቅ ብሎ ስታዲየሙ፣ ወዲህ ደግሞ በ2002 ዓ.ም የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ባቡሩ በአጠገቡ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም አደባባዩ እንደገና ተሠርቶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ወጣለት። ስሙም አንድ ሆኖ አልቆየም። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ የቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ሥፍራ እንግዶች አይደለንም። በሁለቱ ዒዶች ስታዲየሙ ሞልቶ ሲፈስ የሰጋጁ ረድፍ መንገዱን ተሻግሮ እስከ አደባባዩ ይደርሳል። የእምነት እኩልነት ይከበር ብለው ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያን ወገኖች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ሲያጥለቀልቁ የነበሩ አባቶቻችን ዛሬም ያወሩናል። ዒዶቻችን የሕዝብ በዓላት ሆነው የታወቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይሁንና አደባባዩ ስሙን ያገኘበት ዕለት መስከረም 16 ነው። ያን ዕለት ደመራ ይቆማል፤ ካህናት በጥንግ ድርብ ደምቀው ያሸበሽባሉ፤ አደይ አበባ የታሰረበት ችቦ ይለኮሳል። በዓሉ በ2006 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በአካባቢው የሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ በመስኮቱ ጢሱን ያያል። ልጅ ልጅ ነውና ይጠይቃል፦ «አባዬ፣ የሚነደው ምንድን ነው? ለምን ይነዳል?» ብዙ አባቶች «የእነሱ በዓል ነው፣ ተወው» ብለው ያልፉታል። እኛ እንዲህ ያለውን መልስ አንወደውም። ልጁ የሚያድገው ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ ክፍል ነው። እኛ ካልነገርነው ከሌላ ይሰማዋል፤ የሚሰማውም ወይ ስድብ ይሆናል ወይ ተረት።

ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ትተርካለች። የሮማው ንጉሥ የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ የዒሳን (ዐ.ሰ) መስቀል ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ኪርያኮስ የተባለ ሽማግሌ ሥፍራውን ጠቆማት፤ ደመራ አስደምራ ዕጣን ብታጨስበት ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ወረደና ቦታውን አመለከታት። መስከረም 17 ቁፋሮ ተጀመረ፤ መጋቢት 10 መስቀሉ ወጣ። (ኪርያኮስና የክፍለ ከተማው መጠሪያ የሆነው ቂርቆስ አንድ ሰው አይደሉም፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።)

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? መቼስ ጻፈው?

እሌኒ ወደ ኢየሩሳሌም መሄዷን የሚጠራጠር የለም። የሄደችው እ.ኤ.አ ከ326 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። በዚያው ዘመን የቂሳርያ ጳጳስ የነበረው አውሳብዮስ የቆስጠንጢኖስን የሕይወት ታሪክ ጽፏል። ሰውየው የአገሩ ሰው ነው፤ ንጉሡን አብዝቶ ያመሰግናል። መቃብሩ ስለ መገኘቱ፣ በላዩ ስለ ታነጸው ቤተ ክርስቲያን፣ እሌኒም በቤተልሔምና በደብረ ዘይት ተራራ ስላሠራቻቸው አብያተ ክርስቲያናት በዝርዝር ይተርካል። እሌኒ መስቀል አገኘች የሚል ቃል ግን በመጽሐፉ የለም። እንዲህ ያለውን ታላቅ ነገር ሰምቶ ይዘለዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሐቁን እንናገር ካልን ሌላውንም መጨመር አለብን። እ.ኤ.አ በ350 ገደማ የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ የመስቀሉ እንጨት ቁርጥራጭ በዓለም ሁሉ መሰራጨቱን ይናገራል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ መስቀል ነው ተብሎ የሚከበር እንጨት በከተማይቱ ነበር ማለት ነው። የጎደለው እሌኒ ናት። የእሷ ስም ከግኝቱ ጋር ተያይዞ ዛሬ በእጃችን ባለ ጽሑፍ መጀመሪያ የምናገኘው የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ እ.ኤ.አ በ395 በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ሙት መታሰቢያ ላይ ባሰማው ንግግር ነው። ይህም ንግሥቲቱ ከሞተች ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ትረካው ይበዛል፣ ይለያያልም። በአምብሮስዮስ ዘንድ መስቀሉ የተለየው በላዩ በነበረው ጽሕፈት ነው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጻፈው በሩፊኖስ ዘንድ አንዲት በሽተኛ ስለ ዳነችበት ነው፤ በኋለኛው የኪርያኮስ ትረካ ደግሞ ሙት ስለ ተነሣበት ነው። በሶርያ ክርስቲያኖች ዘንድ ጭራሹን እሌኒ ቀርታ ፕሮቶኒቄ የተባለች የቀላውዴዎስ ቄሳር ሚስት በመጀመሪያው መቶ ዓመት አገኘችው የሚል ታሪክ ነበር። አንድ እንጨት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ንግሥቶች፣ በ300 ዓመት ልዩነት!

ቀኑም የራሱ ታሪክ አለው። መስከረም 17 በጥንቱ የጁልያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 14 ነው። በመቃብሩ ላይ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ በ335 የተመረቀው ደግሞ ሴፕቴምበር 13 ሲሆን፣ በማግስቱ እንጨቱ ለሕዝብ እየታየ ይከበር ነበር። በእኛ አስተያየት በዓሉ በመጀመሪያ የሕንጻ ምረቃ መታሰቢያ ነው፤ የቁፋሮው ትረካ ኋላ መጥቶ በላዩ ተቀመጠ። አደይ አበባውና እሳቱም የክረምቱን ማለፍ ከሚያበስረው የአገራችን የቆየ ልማድ ጋር ሳይገናኝ አልቀረም።

የዚህ እንጨት ታሪክ ከእኛም ታሪክ ጋር መንገድ ላይ ይገናኛል። ፋርሶች እ.ኤ.አ በ614 ኢየሩሳሌምን ይዘው ወሰዱት። በሱረቱ አር-ሩም መግቢያ ስለ ሮማውያን መሸነፍና ተመልሰው ስለ ማሸነፋቸው የተነገረው የዚህን ጦርነት ጉዳይ ነው፤ ሶሓባዎችም ወደ ነጃሺ አገር የተሰደዱት በእነዚያው ዓመታት፣ በ615 ነው። ሕራቅሊስ እንጨቱን ወደ ኢየሩሳሌም የመለሰው በ630፣ መካ በተከፈተችበት ዓመት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማይቱ ለዑመር (ረ.ዐ) እጇን ሰጠች። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሰዒድ ኢብን በጥሪቅ በጻፈው ታሪክ ዑመር በመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መስገድን እምቢ አሉ፤ ምክንያታቸውም ኋላ ሙስሊሞች «ዑመር ሰግደውበታል» ብለው እንዳይወስዱት ነበር። ዛሬም የዚያ ቤተ ክርስቲያን በር ቁልፍ ያለው በሙስሊም ቤተሰብ እጅ ነው፤ ጁዳህ ቁልፉን ይጠብቃሉ፣ ኑሰይባ በሩን ይከፍታሉ። የእኛ አገር መነኮሳት የሚኖሩበት ዴር ሱልጣንም በዚያው ሕንጻ፣ በእሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ግማደ መስቀሉ በዳግማዊ ዳዊት ዘመን መጥቶ በልጁ በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ወሎ ውስጥ በግሸን አምባ ተቀመጠ ይባላል፤ መስከረም 21 የሚነግሠው ለዚሁ ነው። በዚያው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ) ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ካልሆነ በቀር አንሰግድም አሉ፤ ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ፤ ተገረፉ፣ ተወገሩ፣ አካላቸው ተቆረጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ያላነበባችሁ አንብቡት። እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም፤ በሥላሴ ያምኑ ነበር። ነገር ግን «ለእንጨት ይሰገዳልን?» የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ የእስላም ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጉያ ውስጥም ደም ያፈሰሰ ጥያቄ እንደ ነበር ምስክር ናቸው።

ከዚህም ይልቅ የሚጠልቅ አለ። ዒሳ (ዐ.ሰ) ማን ናቸው የሚለው ክርክር አክሱም የገባው ክርስትናው ገና ሳይጸና ነው። በ325 እ.ኤ.አ የኒቅያ ጉባኤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ እኩል ነው ብሎ አርዮስን አወገዘ። ነገሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጥዮስ ለኒቅያ ወገን የማይመች ንጉሥ ነበርና በ356 ገደማ ለአክሱም ገዢዎች ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ በአትናቴዎስ የተሾመው ፍሬምናጦስ (አባ ሰላማ) ትምህርቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክ አለ። ከዒዛና ጽሑፎችም በአንዱ የግዕዝ ጽሑፍ ንጉሡ «የሰማይ ጌታ» እያለ ሥላሴን ሳይጠቅስ ያመሰግናል፤ በሌላው የግሪክ ጽሑፍ ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በገንዘቡ ላይም ቀድሞ የነበረው ጨረቃና ክብ ወጥቶ መስቀል ገባ። (ያ ጨረቃ የጥንቱ አምልኮ ምልክት ነው፤ ጨረቃ ባየን ቁጥር «የኛ ነው» አንበል።)

ስለ ኒቅያ አንድ ነገር ለወጣቶቻችን ማሳሰብ እንወዳለን። «ወንጌሎቹን የመረጠው፣ ሌሎቹን ያቃጠለው የኒቅያ ጉባኤ ነው» የሚል ወሬ በእኛ ሰዎች አፍ ሲመላለስ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። ጉባኤው የመከረው ስለ አርዮስ፣ ስለ ፋሲካ ቀንና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ 27ቱን መጻሕፍት በዝርዝር አስቀምጦ የምናገኘው አትናቴዎስ በ367 የጻፈው መልእክት ነው። ጠያቂ ሰው ራሱ ያልመረመረውን ይዞ ከተነሣ ክርክሩን ተሸንፎ ይመለሳል፤ ከሱ ጋርም ሐቁ ይሰደባል። አላህ (ሱ.ወ) የመጽሐፉን ባለቤቶች በመልካሙ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር ያዘዘን በዋዛ አይደለም።

ታዲያ የኛ አቋም ምንድን ነው? ሱረቱ አን-ኒሳእ 4፡157–158 ዒሳ (ዐ.ሰ) እንዳልተገደሉና እንዳልተሰቀሉ፣ ነገሩ እንደ ተመሳሰለባቸው፣ አላህም ወደርሱ እንዳነሣቸው ይነግረናል። እንዴት እንደ ተመሳሰለ ሙፈሲሮች የተለያየ ዘገባ አቅርበዋል፤ የተቆረጠው ግን የአንቀጹ ቃል ነው። ስለዚህ የእንጨቱ መገኘት አለመገኘት ለኛ እምነት መሠረት አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ የተጨዋወተ ሁሉ ክርስቲያን ወዳጁ ሁለት ነገር መልሶ እንደሚጠይቀው ያውቃል። የመጀመሪያው «እናንተስ ካዕባ ላይ ድንጋይ ትስሙ የለምን?» የሚል ነው። መልሱ ከዑመር (ረ.ዐ) ዘንድ ነው። ጥቁሩን ድንጋይ ሲስሙ፣ ድንጋይ መሆኑን፣ የማይጎዳና የማይጠቅም መሆኑን፣ የሚስሙትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲስሙት ስላዩ ብቻ መሆኑን ጮክ ብለው ተናገሩ። ሰዎች በረድዋን ቃል ኪዳን ዛፍ ሥር እየሄዱ መስገድ ሲጀምሩም ዛፉን እንዳስቆረጡት ተዘግቧል። ይህን ስንናገር ግን በየአውልያው መቃብር የሚደረገውን የራሳችንን ወገን ሥራ ጠያቂው እንደሚያውቅብን አንርሳ።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ «ቁርኣን የመጣው ከ600 ዓመት በኋላ ነው፤ እሌኒን ዘገየች ካላችሁ እናንተስ?» ይህን ጥያቄ ልንሸሸው አይገባም። የታሪክ ተመራማሪዎች፣ ሃይማኖት የሌላቸውም ጭምር፣ አብዛኞቹ ስቅለቱን ይቀበላሉ። በሁለተኛው መቶ ዓመት ባሲሊደስ የተባለው ሰው የተሰቀለው የቀሬናው ስምዖን ነው ማለቱን ኢሬኔዎስ ጽፏል፤ ነገር ግን ባሲሊደስን ምስክር አድርገን አናቆምም፤ የሌላው እምነቱ ከኛ ይርቃልና። እኛ የምንለው ይህን ነው፦ እሌኒ ታሪክ ናት፤ ታሪክ በጽሑፍና በዘመን ይመዘናል፤ በዚያው ሚዛን መዘንናት። የዒሳ (ዐ.ሰ) ነገር ግን ለእኛ ከወሕይ የመጣ ነው። ወሕይን የሚቀበል ሰው የሚቀበለው ዘመኑን ቆጥሮ ሳይሆን ያመጣውን ነቢይ እውነተኛነት ተረድቶ ነው። ስለዚህ ከጎረቤታችን ጋር ያለን እውነተኛው ውይይት ስለ እንጨቱ ሳይሆን ስለ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይነት ነው፤ ወጣቱ መዘጋጀት ያለበትም በሱ ላይ ነው።

መስከረም 17 ጠዋት አመዱ ገና ትኩስ ነው። ምእመናን ግንባራቸውን ይቀቡበታል፤ የደመራው ምሰሶ ወደ የት እንደ ወደቀ እያዩ ስለ ዓመቱ የሚተነብዩም አሉ። ገድን መመልከት በሸሪዓችን የተከለከለ ነውና ልጆቻችን ከዚህ ይራቁ። በግቢው ውስጥ ግን በዚያው ጠዋት ጎረቤት ለጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ይባባላል፤ ድሮ ከነበረው ልማድ እንደምናውቀው፣ ሙስሊም ጎረቤት ያለው ክርስቲያን ለበዓሉ አንዱን በግ በሙስሊም እጅ ያሳርድለት ነበር፤ በአረፋም ሙስሊሙ ለእሱ እንዲሁ።