ፍጥነትና ቁጠባ

ከሁሉ የሚፈጥን መሣሪያ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስላቸዋል የሚባሉ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኔ ግን የትምህርት ቤታችንን ሰርቨር ከጓደኞቼ ጋር መጠበቅ ከጀመርሁ ወዲህ፥ ፍጥነት ዋጋ የሚከፈልበት ነገር መሆኑን ተረድቻለሁ።

ይህ ሰርቨር የመማሪያ መጻሕፍትን ይዞ፥ ላፕቶፕ ላላቸው ተማሪዎች ሁሉ ያድላል። መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ካለቀ ግን የማታ አንባቢዎች ንባባቸውን አቋርጠው ይነሣሉ። ስለዚህ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር በምን ያህል ፍጥነት ይሥራ የሚል ክርክር በክበባችን ተነሣ።

አንዱ ጓደኛዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ፥ ፍጥነቱ ዘወትር ዝቅ እንዲል ፈለገ። ነገሩ እውነትነት አለው። የፕሮሰሰር ፍጥነት በጊጋኸርትዝ ይለካል፤ 1 ጊጋኸርትዝ ማለት በሴኮንድ 1 ቢሊዮን ምት ነው። ምቱ ሲቀንስ ቮልቱንም መቀነስ ይቻላል፤ ለሥራው የሚወጣው ኃይልም በምቱና በቮልቱ ካሬ ብዜት መጠን ይወርዳል። ሁለቱም ወደ 80 በመቶ ቢወርዱ፥ 0.8 × 0.8 × 0.8 = 0.512 ነውና፥ ይህ ኃይል ግማሽ ያህል ይሆናል።

ነገር ግን ያን ጊዜ የ10 ደቂቃው ስሌት 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ እስኪያልቅም ድረስ ሜሞሪው፥ ዲስኩና ማራገቢያው ኤሌክትሪክ መብላታቸውን አይተዉም። ስለዚህ ሥራን ፈጥኖ ጨርሶ ጭልጥ ባለ እንቅልፍ ማረፍ የሚሻልበት ጊዜ አለ ብዬ ተከራከርሁ።

ሥራ መፍታትም ራሱ ወጪ አለው። የጉግል መሐንዲሶች የነበሩት ሉዊዝ ባሮሶና ኡርስ ሆልዝሌ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ ጻፉት፥ በዚያን ጊዜ ኃይል ቆጣቢ የሚባል ሰርቨር እንኳ ምንም ሳይሠራ ከሙሉ ኃይሉ ግማሽ ያህሉን ይወስድ ነበር። ይህን ለእናቴ ብነግራት፥ «ታዲያ ሰው በሌለበት ክፍል እንደሚበራ መብራት አይደለምን?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በክበባችን አልተገኘም።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሼድዩቲል የሚባል መቈጣጠሪያ አለው፤ ይኸውም የሥራውን ብዛት እያየ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ለጊዜው በዚህ ተስማማን። ደግሞም በሶኬቱ ላይ የኃይል መለኪያ አድርገን፥ አንዱን ሥራ በየፍጥነቱ እያሠራን ልንመዘግብ ወስነናል። የሚባክነው ኤሌክትሪክ ወላጆቻችን የሚከፍሉበት ነውና፥ መለኪያው ለማናችንም ቢፈርድ ሁለታችንም ደስ ይለናል።