ታስሮ ያልነበረው ጣራ

ይህን የምመሰክረው ቤት ልትሠሩ ወይም ጣራ ልታስቀይሩ ለተነሣችሁ ሁሉ ነው። ደህና የሚመስል ጣራ ቤተሰብ ላይ ሊወርድ እንደሚችል በገዛ ቤቴ አይቻለሁ፤ ነፍሳችን ተርፋለችና ዝም ማለት አልችልም።

ቤታችን አዳማ ነው፣ ከከተማዋ ጫፍ ገላጣ ቦታ ላይ። አዳማ የነፋስ አገር መሆኗን ለማወቅ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ማየት ይበቃል። እዚህ ጣራ የሚሠራ ሰው ከዝናቡ እኩል ነፋሱን ማሰብ ነበረበት። የእኛን የሠራው ተቋራጭ ሰው አመስግኖት የመጣ፣ አነጋገሩ የረጋ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ያልወረደ ነበር። ውልም ተፈራርመናል። ሥራው ሲያልቅ ቆርቆሮው ያብረቀርቅ ነበር፤ ኮርኒሱም አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አመሻሽ፣ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ተነሣ። መብራት ጠፋ። መጀመሪያ በከፈፉ በኩል ያለው ቆርቆሮ ይርገበገብ ጀመር፤ ቀጥሎ ኮርኒሱ አየር እንደሚስብ ደረት ተነፍቶ ሲመለስ በባትሪ ብርሃን አየሁት። ሚስማር ከእንጨት ሲነቀል የሚያሰማውን ጩኸት ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። እኔ ታማ ወደተኛችው እናቴ ሮጥሁ። አልጋዋን ወደ ጥግ እየጎተትሁ ሳለ የጣራው ግማሽ ከነእንጨቱ ተነሥቶ ሄደ። የኮርኒሱ ችፑድ በላያችን ወረደ፣ ዝናቡም ተከተለ። በላይዋ ተደፋሁባት፤ አንድ እንጨት ትከሻዬን መታኝ። እናቴ ግን «ልጆቹስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?» ከማለት በቀር ስለ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ጎረቤቶቻችን በር ሰብረው አወጡን። የተነሣው ጣራ አጥር ተሻግሮ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። በነፋስ የሚበር ቆርቆሮ ሰው ይቆርጣል። በዚያች ሰዓት በመንገዱ ያለፈ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግሥቱ ሰፈሩ የሚያከብራቸው አንድ አረጋዊ አናጺ መጡ። መሰላል አስደግፈው ወጡና በግድግዳው አናት ላይ የሚዞረውን የኮንክሪት ማሰሪያ፣ ቶፕ ታይ ቢሙን፣ በእጃቸው ዳሰሱት። እዚያ ከኮንክሪቱ ውስጥ ብቅ ያለ ፌሮ በእያንዳንዱ ትራስ (ጣራውን በሚሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ) ላይ ተጠምዝዞ እንጨቱን አንቆ መያዝ ነበረበት። እሳቸው ያገኙት ቀጭን ጥቁር ሽቦ ነው፤ እሱም ያለው በጥቂቶቹ ትራሶች ላይ ብቻ ነበር። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ጣራሽ ተቀምጦ ነበር እንጂ ታስሮ አልነበረም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮውስ?» አልኋቸው። ከወደቀው አንዱን አንሥተው አሳዩኝ። የሚስማሩ ቀዳዳ ተቀዶ ጣት ያሳልፋል። በውላችን የተጻፈው 32 ጌጅ ነው፤ የተመታው 35 ነበር። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ስስ ቆርቆሮ ደግሞ በሚስማሩ ዙሪያ ቶሎ ይቀደዳል። ሚስማሩ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ተመትቷል፤ መመታት የነበረበት በጉብታው ላይ፣ ከነጎማው ነው። አለዚያ ውኃ በቀዳዳው ሰርጎ ሞራሌውን ያበሰብሳል፣ የበሰበሰ እንጨትም ሚስማር አይዝም።

እሳቸው ያስረዱኝን ሁሉም ሰው ቢያውቀው እመኛለሁ። ነፋስ ጣራን ወደ ታች የሚጫን ይመስለናል። በላዩ ሲያልፍ ግን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በከፈፉ ሥር የገባውም ከታች ይገፋዋል። ጉልበቱ የሚበረታው በጠርዝና በማዕዘን ላይ ስለሆነ ሚስማር መጠቅጠቅ ያለበት እዚያ ነው። የእኛ ጣራ የተነሣውም ከማዕዘኑ ጀምሮ ነው።

ተቋራጩ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለን። ነፋሱ የእግዚአብሔር ነው፤ በፌሮ ፈንታ ሽቦ ያሰረው ግን እሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ ጥንካሬው ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህን የሚያሳጥር የውል ቃልም አይጸናም። ውላችን የቆርቆሮውን ጌጅ በግልጽ ስለሚናገር በሽማግሌዎች ፊት መካድ አልቻለም፤ የጥገናውን ከፊል ከፈለ።

አዲሱን ሠራተኛ ስንመርጥ ክረምት ያለፈባቸውን ሥራዎቹን እንዲያሳየን ጠየቅነው። ቤቶቹ ዘንድ ሄደን ባለቤቶቹን ያለ እሱ አነጋገርን። ያፈሰሰባቸው ጊዜ ነበር ወይ? ሲጠሩትስ መጣ? አንዲት እናት «አንዴ አንጠባጠበብኝ፣ በነጋታው መጥቶ አስተካከለልኝ» አሉን። እንከን የለውም ከሚል ውዳሴ ይልቅ ይህ ቃላቸው አሳመነን። በውሉ ጌጁን፣ የእንጨቱን ውፍረት፣ የትራሱን አስተሳሰር አንድ በአንድ አስጻፍን። ቀብዱ ጥቂት ሆነ፤ ቀሪው ሥራው በደረሰበት ደረጃ እየታየ እንዲከፈል ተስማማን። ከሁሉ በላይ ግን ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት አረጋዊው አናጺ ወጥተው ማሰሪያውን ሁሉ እንዲያዩት በውሉ አስገባን። አዲሱ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም፤ «እኔም ቢታይልኝ ደስ ይለኛል» አለ።

የጣራ ጥሩነቱም መጥፎነቱም ኮርኒስ ከተመታ በኋላ አይታይም። የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ዓይን ይማርካል፤ ቤተሰብን የሚያድነው ግን ከሥሩ ያለው ማሰሪያ ነው። ስለዚህ እማጸናችኋለሁ፦ ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት መሰላል አስደግፎ «ውጡና እዩ» የሚላችሁን ሰው ፈልጉ። ሥራውን እንዳታዩበት የሚያጣድፋችሁን ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ልጆቻችሁና ወላጆቻችሁ የሚተኙበትን ቤት አትስጡት።